ነበረ፣ አልነበረም ሲባባሉ የከረሙት ወንድማማቾች

ምሳ ላይ ነው የጀመረው። የባሌ ታናሽ ወንድም የካድሬነት ሥልጠናውን ጨርሶ መርሳ ተመድቦ ነበር። ሚስት ስላልነበረው ምሳውን የሚበላው እኛ ቤት ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና ሽሮና ጎመን አቅርቤያለሁ። አንዴ ጎረሰ፣ ሁለተኛውን ጠቀለለና ወደ አፉ ሳያደርስ እጁን አየር ላይ አቆመው።

«ለመሆኑ ለማን ብላችሁ ነው የምትጾሙት?» አለ።

ባሌ ቀና ሳይል «ለጌታ ነዋ» አለው።

«እሱ የምትሉት ሰው እኮ አልኖረም። እዚህ ምድር ላይ አልተወለደም፣ አልሞተም። ተረት ነው።»

ባሌ የያዘውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰው። ያን ጊዜ ነው ምሳዬ እንደተበላሸ የገባኝ። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዓመት በላይ ምሳዬን በሰላም እንደማልበላ ነው።

ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ልጅነቱን ግን ቅኔ ቤት አሳልፏል። አስኳላ የገባው ዘግይቶ ነው። ቁጥር ሲያስተምር እንኳ የቤተ ክህነት ድምፅ አለው፤ ተማሪዎቹ ከኋላው እያስመሰሉ ይስቁበታል። ወንድሙ ደግሞ እኛ ስንጋባ ገና ልጅ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሆኖ ነው ተምሮ ያደገው። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። የፈረንሳይን አብዮት ያስተማርኩት እኔ፣ የተቀደደ ሱሪውን የጣፍኩለትም እኔ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ሁለቱም ግን ግትር ናቸው፤ ግትርነቱን ከአንድ ጡት ነው የጠቡት።

የካድሬው ማስረጃ ከሥልጠና ይዞት የመጣው አንድ ቀጭን ትርጉም ነበር። ተቀብዬ አንብቤዋለሁ፤ ለማንበብ ረጅም ጊዜ አልወሰደብኝም። «በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች ስሙን አላነሡም፤ ስለዚህ አልነበረም» ይላል፤ ከዚያ ያንኑ መልሶ መላልሶ ይላል።

«የአያትህን ስም ያነሣ ጸሐፊ አለ?» አልኩት። «በክርስቶስ ዘመን በጥግ አገር ለተወለደ ለአንድ አናጢ ልጅ ማን ቀለም ያባክናል? አልተጻፈም ማለት አልነበረም ማለት አይደለም።»

ጥቂት አሰበና «አያቴ ሙት አላስነሣም» አለኝ። «አንድ ሰው ውርጌሳ ላይ ሙት ቢያስነሣ፣ ማታውኑ ወልድያ አይሰማም?»

ይህቺን መልሱን ወደድኩለት። እንዲህ ቢቀጥል ኖሮ ደስ የሚል ክርክር ይወጣው ነበር። ባሌ ግን መሀል ገባና «መጠየቁ ራሱ ኃጢአት ነው!» አለ።

«መጠየቁ ኃጢአት ከሆነ ለምን ትከራከረዋለህ?» ብዬ ወደ እሱ ዞርኩ።

«ዝም ካልኩማ የተቀበልኩ ይመስለዋል።»

እንግዲህ እንዲህ ነበሩ። አንዱ የማያነብ፣ አንዱ ከአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ሌላ የማያነብ።

የቤታችን ግድግዳ ጭቃ ስለሆነ ድምፅ አይዝም። አንድ ቅዳሜ ጩኸታቸው ሲበረታ ጎረቤታችን ከጓሯቸው የቆረጡትን ሙዝ ይዘው ገቡ። ሐጂ ነበር የምንላቸው። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ያበደሩትን ለመጠየቅ የሚያፍሩ፣ ለሰው ጠብ ግን እግራቸው የሚፈጥን ሽማግሌ።

«አሰላሙ ዓለይኩም! ምንድነው እሱ? መንገድ ድረስ ይሰማል እኮ።»

ባሌ ከመቀመጫው ተነሣላቸው። «ሐጂ፣ ደግ መጡ። እስቲ አንቱ ፍረዱን። ይሄ ልጅ ክርስቶስ የሚባል አልነበረም ይላል።»

«አዑዙ ቢላህ!» አሉ ሐጂ፣ ሙዙን እንደታቀፉ። «ነቢዩላህ ዒሳን? የመርየምን ልጅ? ቁርኣን በስሙ የጠራውን አልነበረም ይባላል እንዴ? አንተ ልጅ፣ ጤናም የለህ!»

ባሌ ፊቱ በራ። ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ ሙዙን ተቀብሎ ለእኔ አቀበለኝ። «ሰማህ? እስላሙ የመሰከረለትን አንተ የክርስቲያን ልጅ ትክደዋለህ!»

«እኛማ እናምንበታለን» ቀጠሉ ሐጂ ተደላድለው ተቀምጠው። «ያለ አባት ተወለደ፣ በአላህ ፈቃድ ሙት አስነሣ፣ ወደ ሰማይም ተወሰደ። አልተሰቀለም እንጂ።»

ባሌ ቆሞ ቀረ። «እንዴት አልተሰቀለም?»

«ወላሂ አልተሰቀለም። መስሏቸው ነው።»

«ሐጂ! ዋናው እኮ መሰቀሉ ነው!»

ካድሬው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «ይኸው! አንዱ ተሰቀለ ይላል፣ አንዱ አልተሰቀለም ይላል። በሉ መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ።»

ከዚያ ሦስቱም አንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። «የታሪክ አስተማሪዋ ትናገር!»

ሙዙን አስቀምጬ፣ አንድ ጊዜ በወጉ ብናገር ይገላግለኛል ብዬ የማውቀውን ነገርኳቸው። «ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እንዲህ ነው» አልኩ። «ክርስቲያን ያልሆኑ የጥንት ጸሐፊዎችም፣ ሮማውያን ይገዙ በነበረበት ጊዜ በይሁዳ አገር ስለተገደለና ተከታዮች ስለነበሩት ሰው ጠቅሰዋል። ጽሑፎቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዱ ላይ በኋላ ሌላ እጅ ገብቶበታል ተብሎም ይጠረጠራል። ቢሆንም አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት፣ የማያምኑትም ሳይቀሩ፣ ሰውየው ኖሯል፣ ተሰቅሎም ሞቷል ይላሉ። አምላክ ነው ወይስ ነቢይ የሚለውን ግን ታሪክ አይመልስም። እሱ የእምነት ነው።»

የተገላገልኩ መሰለኝ።

«ሰውየው?» አለ ባሌ። «ጌታን ሰውየው አልሽው? እንደ ጎረቤት?»

«ኖሯል አልሽ?» አለ ወንድሙ። «አንድ እግር እዚህ፣ አንድ እግር እዚያ። ይሄ የንዑስ ከበርቴ ወላዋይነት ነው፣ እትዬ።»

«ልጄ» አሉ ሐጂ ባዘነ ድምፅ፣ «ተሰቅሏል አልሽ እንዴ?»

ሙዝ ልጬ በላሁ። ምን ላድርግ?

ነገሩ እቤት ቢቀር ጥሩ ነበር። አልቀረም። ካድሬው ለወረዳው ገበሬዎች ስለ ሃይማኖትና ሳይንስ ትምህርት እንዲሰጥ ታዘዘና ግራና ከሚባለው ቀበሌ ሊጀምር ተነሣ። ይዞኝ ካልሄደ ሞቶ ተገኘ።

«ያልኩህን እዚያም የምለው ነው» አልኩት። «አልነበረም አልልልህም።»

«ብቻ ስለ ታሪክ ሳይንስ ተናገሪ። መደምደሚያውን እኔ እሰጣለሁ።»

እምቢ ማለት በዚያ ዘመን እንደ አሁኑ ቀላል አልነበረም። «ጓድ መምህርት ለትምህርቱ ሥራ ትፈለጋለች» የሚል ቃል ለርዕሰ መምህሩ ከደረሰው በኋላ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ከእሱና ከሾፌሩ መሀል ተጣብቄ አቧራ እየቃምኩ ግራና ወረድኩ።

የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐዩ ከላይ፣ የሰዉ ትንፋሽ ከታች። ሰዉ የመጣው ስለ ማዳበሪያ ሊነገር ነው ተብሎ ነበር። ካድሬው ተነሥቶ ስለ ቁስ አካል፣ ስለ ንቃተ ኅሊና ብዙ ተናገረ። ሰዉ በጋቢው ጫፍ ላቡን ይጠርጋል። በመጨረሻ «ክርስቶስ የሚባል ሰው በታሪክ አልነበረም» ሲል ግን አዳራሹ ንብ እንደገባበት ሆነ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ጢማም ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ዒሳን ነው የሚሉት?» ሲሉ ጠየቁ።

«አዎ አባባ፣ እናንተ ዒሳ የምትሉትን።»

«እንዴ! ሱብሃነላህ!»

ከግድግዳው በኩል የክርስቲያኖቹ ወገን ፈራ ተባ እያለ ነበር። ሙስሊሞቹ መናገራቸውን ሲያይ አንዱ ጎልማሳ ደፈረ። «ካልነበረማ ያ ሁሉ ስቃይ፣ ያ ሁሉ ስቅለት ለማን ሆነ?»

«ኧረ አልተሰቀለም!» አሉ ጢማሙ ወደ እሱ ዞር ብለው።

«እንዴት አልተሰቀለም አባባ? አንቱ ደግሞ!»

«አማችህ ነኝና ልቆጣህ አልችልም እንጂ አልተሰቀለም!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! ተሰቀለ፣ አልተሰቀለም እያሉ ይከራከራሉ፤ ቁጣ የለበትም፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ሲባባሉት የኖሩት ነገር ነውና እየተጎሻሸሙ ይሳሳቃሉ። አልነበረም የሚለውን ግን የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከጠረጴዛው ኋላ ቆሞ በእርሳስ እንጨቱን ይደበድባል።

ላቡ ጠብ እያለ «የታሪክ መምህርቷ ማስረጃውን ትነግራችኋለች» አለ።

ቤት ያልኩትን ቃል በቃል ደገምኩት። አንዲት ሴት ከኋላ «ኖሯል ትላለች፣ ተመስገን» ስትል ሰማኋት። ካድሬው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። እኔም መልሼ አፈጠጥኩበት፤ ነግሬሃለሁ እኮ!

ከዚያ እሱ ያደረገውን ሳስበው ዛሬም ያመኛል። «እንግዲያው በድምፅ እንወስን» አለ። «ክርስቶስ አልነበረም የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ሰው በአንድ ዘመን መኖር አለመኖሩ በእጅ ማውጣት! የማኅበሩ ሊቀ መንበር እጁን እስከ ጆሮው አነሣ፤ ግራ ቀኝ አየና ጆሮውን እንዳከከ ሆኖ መለሰው። ሌላ እጅ አልወጣም።

ያቺው የኋላዋ ሴት ተነሥታ «ስለ ማዳበሪያው መቼ ነው የምትነግሩን?» አለች።

በመመለሻችን እኔ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ፤ መሀሉን ለእሱ ተውኩለት።

ብዙም ሳይቆይ ወልድያ እንድቀርብ ጥሪ መጣልኝ። ካድሬው ስለ ግራናው ስብሰባ ሪፖርት ማድረግ ነበረበትና ሳይሳካ የቀረው «የታሪክ መምህርቷ የጠራ አቋም ስለሌላት» ነው ብሎ ጽፏል። ያሳደግኩት ልጅ! ስጠይቀው አልካደም። «አንቺ ላይ የከፋ አይደርስም፣ እኔ ላይ ግን ይደርስ ነበር» አለኝ። ባሌ ሰምቶ ከቤት አስወጣው፤ ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ አለው። የሚገርመው ግን ከእኔ ክስ በላይ ያንገበገበው በእጅ ማውጣት ሊወሰን መሞከሩ ነበር። «በድምፅ! ጌታን በድምፅ!» እያለ ቤቱን ይዞር ነበር። እኔ ልታሰር እችላለሁ ብዬ ቅያሪ ልብስ እያጣጠፍኩ ነው ይህ የሚባለው።

አውቶቡሱ በሲሪንቃ በኩል ሲሄድ ቅያሪ ልብሴን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። በዚያ ዘመን የተጠራ ሁሉ አይመለስም። ወልድያ የጠራኝ ኃላፊ ግን ወፍራም፣ ድካም ያጎበጠው ሰውዬ ነበር። ስለ አቋም ጥራት ጥቂት ነገረኝ፤ ከልቡ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋውና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«እንዲያው ለመሆኑ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ነበረ ወይስ አልነበረም?»

ላልቅስ ወይስ ልሳቅ? ይህን ለመጠየቅ ነው እንዴ በሥጋት አንጀቴን ያቃጠልከው! «ጌታዬ» አልኩ፣ «የታሪክ ሰዎች ኖሯል ይላሉ።»

«እኔም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ» ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። በሩን መልሶ ከፈተና ድምፁን ከፍ አድርጎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ታሪክ ማስተማሬም ቀርቶ ጂኦግራፊ እንዳስተምር ተወሰነ።

ስለ ታሪክ እውነቱን የተናገርኩት ብቸኛዋ ሰው ከታሪክ ተነሣሁ። የተናገርኩትን ግን ማንም አልሰማም፤ ሁሉም የሰማው የፈለገውን ቃል ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት አማቴ ታመሙ። ወልድያ ነበር የሚኖሩት፤ ኃይለኛ፣ ቀልድ የሚወዱ ሴት ነበሩ። ሁለቱ ልጆቻቸው ከተቆራረጡ ወዲህ መጀመሪያ የተገናኙት እናታቸው አልጋ አጠገብ ነው። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ አጥሚት እያማሰልኩ፣ ይታረቁ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አቁሜያለሁ።

መጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ ተነጋገሩ። ከዚያ ባሌ ጠበል ይምጣላት አለ። ወንድሙ ሐኪም ያዘዘው ይበቃል አለ። ከዚያ ጠበሉ በማን ስም ነው ተባለ። ከዚያ... ከዚያማ ግልጽ ነው። ነበረ፣ አልነበረም። ጸሐፊዎች፣ ሮማውያን፣ ሳይንስ፣ ክህደት። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። በመሀሉ ቀጭን ድምፅ ተሰማኝ። «ውኃ» ይላል። ጥቂት ቆይቶም እንደገና «ልጆቼ፣ ውኃ።»

ማማሰያውን እንደያዝኩ ገባሁ። ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ ኩባያው ዘርግተዋል፤ ሁለቱ ልጆቻቸው በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው በላያቸው ላይ ይጯጯሃሉ። አንዳቸውም አልሰሟቸውም። ቀና አድርጌ አጠጣኋቸው። ሲጨርሱ ወደ ወንዶቹ ዞርኩና በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀውን ያህል ጮኽኩ።

«ውጡ! ሁለታችሁም ውጡ! እዚህ አልጋ ላይ ያለችው ሴት ስለመኖሯ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል? ውኃ አለች፣ ውኃ! ቅኔ የተማርከው አንተ፣ ዓለምን የምትለውጠው አንተ፣ አንድ ኩባያ ማንሣት ያቅታችኋል?»

ወጡ። አማቴ አገጫቸውን እየጠረጉ ሳቁ። «ማማሰያውን ባትይዢ ኖሮ አይሰሙሽም ነበር» አሉኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ነበረ?» አልኳቸው፣ እንባዬ እየመጣ።

«አንቺም ጀመረሽ?» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ቀብራቸው ዕለት ካድሬው ቃሬዛውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸከመ። በሩ ላይ ትከሻውን ለሌላ ሰው ሰጠና ቆመ። ቢገባ ለበላይ የሚያወሩበት ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከመርሳ የመጡት ሐጂና ሌሎች ሙስሊሞች እንደ ወጉ ከውጪ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው ነበርና ሄዶ አጠገባቸው ቁጭ አለ። ፍትሐቱ ሲረዝም አየር ልቀበል ብዬ ወጣሁ። ሐጂ እጁን ይዘውታል። ሲያየኝ ተነሣ።

«አፈር ለበሰች?» አለኝ።

«አልደረሰም። ገብተህ ለምን አትቀብራትም?»

«አይቻልም እትዬ። ታውቂያለሽ።»

ተናደድኩ። የከረመው ንዴት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። «የሌለ ሰው ቤት መግባት ምን ያስፈራሃል?»

«እሱን አይደለም የምፈራው» አለ። ከዚያ እንደ ልጅነቱ ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔ ግንቡን ይዤ ቆሜ፣ ልጅ እንደማባብል ጀርባውን መታ መታ አደረግኩለት። ሌላ ምን አለኝ? ባሌ ከቀብሩ ሲወጣ ከእጁ አፈር ሳያራግፍ መጥቶ በዚያው እጁ የወንድሙን ክንድ ያዘ። አብረው ወረዱ። ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ሳንጨርስ ግን የእናታቸው መቃብር ላይ መስቀል ይቁም አይቁም ብለው ሲጀምሩ ሰማኋቸው፤ ከሐጂ ጋር እርምጃዬን አፍጥኜ ቀደምኳቸው።

ካድሬው ወደ ምሳችን ተመለሰ። እኔም ሕግ አወጣሁ፤ ነበረ ወይም አልነበረም የሚለውን ቃል ያነሣ የዚያን ቀን ዕቃ ያጥባል። ሁለቱም ዕቃ ማጠብ ለመዱ። ጎረቤት ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው ሲያያቸው ይስቅ ነበር፤ እነሱ እዚያም ሆነው በሳሙና እጃቸው ይከራከራሉ።

የታሪክ ትምህርቴ ግን አልተመለሰልኝም። ለስፖርት አስተማሪው ተሰጠ። ደግ ልጅ ነው፤ ሲጨንቀው ወደ እኔ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን የሮማን ዘመን ምዕራፍ ጀምሮ መጽሐፉን ታቅፎ መምህራን ክፍል ገባ።

«እትዬ፣ ተማሪዎቹ አፋጠጡኝ» አለኝ። «ነበረ ልበላቸው፣ አልነበረም?»

«እኔን አትጠይቀኝ» አልኩት፣ «እኔ ጂኦግራፊ ነኝ።»